የስልክና የኢንተርኔት ማጭበርበርን መግታት ለምን አዳጋች ሆነ?

መቱ፦ በኢሉባቦር የደረሰ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። በእነዚህ ወራት በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ገበያዎች የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ ቀደም ባሉት ዓመታት በእጅ ተቆጥሮ፣ በመቀነት ተቋጥሮ ወደየቤቱ የሚገባ ነበር። አሁን ከፊሉ በባንክ ሂሳብና በተንቀሳቃሽ ስልክ በኩል ያልፋል። ገንዘቡ መንገድ ሲቀይር የሚያደባበት ሌባም አብሮ መንገድ ቀይሯል።

ኢትዮ ቴሌኮም የቴሌብርን አገልግሎት በይፋ ያስጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአራት ዓመታት ውስጥ የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ከ50 ሚሊዮን አልፏል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኤም-ፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሯል። አገልግሎቶቹ የባንክ ቅርንጫፍ ለራቀው የገጠር ነዋሪ ያስገኙት ጥቅም የሚካድ አይደለም። ገንዘብ ለመቀበል ብቻ ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ወጥቶ ሙሉ ቀን ያጠፋ የነበረ ሰው ይህን ያለ አስረጂ ይገነዘባል።

የማጭበርበሪያው ስልቶች ለብዙዎች እንግዳ አይደሉም። አንዱ ደውሎ ሽልማት እንደወጣልዎት ያበስርና ሽልማቱን ለመላክ በስልክዎ የደረሰውን የማረጋገጫ ኮድ እንዲነግሩት ይጠይቃል። ሌላው ከቴሌብር የመጣ የሚመስል የገንዘብ ገቢ መልእክት ከግል ስልኩ ይልክና ወዲያው ደውሎ "በስህተት ነውና እባክዎ ይመልሱልኝ" ይላል። እውነተኛው የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ሂሳቡም ሲታይ ጨምሮ ይገኛል። ነገር ግን በገበያ ግርግር መካከል የቆመ ሰው የላኪውን ቁጥር የሚያጤንበት ፋታ የለውም። አጭበርባሪውም የሚሻው ይህንኑ ጥድፊያ ነው።

ሕጉ አልጎደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አሳሳች መረጃ በማሰራጨት ወይም ማንነትን በመሰወር ሌላውን ሰው ያታለለ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ባንኮችና የቴሌኮም ድርጅቶችም በየጊዜው ያስጠነቅቃሉ። ታዲያ ድርጊቱ ስለምን አልተገታም?

ዋነኛው ምክንያት ወንጀሉ የሚፈጸመው ቁልፍ በመስበር አለመሆኑ ነው። የባንክና የቴሌኮም ሥርዓቶች የተሠሩት ያልተፈቀደለትን ሰው ለማገድ ነው። በማጭበርበር ጊዜ ግን የሚስጥር ቁጥሩን የሚያስገባውም፣ ገንዘቡን የሚልከውም ራሱ ባለቤቱ ነው። ለልጁ የትምህርት ወጪ የሚልክ አባትና ለአጭበርባሪ የሚልክ አባት በኮምፒዩተሩ ዓይን አንድ ናቸው። ዝውውርን ሁሉ ለሰዓታት አቆይቶ መመርመር ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን አገልግሎቱ የተወደደው በፍጥነቱ ስለሆነ ማንም ደፍሮ አያደርገውም።

የተላከው ገንዘብ በአንድ ቦታ አይቆይም። ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ተሸጋግሮ፣ በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም ካርድ አማካይነት ከወኪል ዘንድ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ለመውጣት ደቂቃዎች ይበቁታል። መርማሪው በበኩሉ በተቋማት እጅ የሚገኘውን መረጃ ለማግኘት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ማውጣት አለበት። ይህ ጥበቃ የዜጎችን ምስጢር ለማስከበር የተቀመጠ በመሆኑ ሊነቀፍ አይገባውም፤ የሚያስከትለው የጊዜ ልዩነት ግን ለወንጀለኛው ይጠቅማል። በአዋጁ መሠረት የኮምፒዩተር ወንጀልን በመጀመሪያ ደረጃ የማየት ሥልጣን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በሕገ መንግሥቱ የውክልና ድንጋጌ ይህ ሥልጣን በክልል ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሰጥቷል። ጥቂት ሺህ ብር የተወሰደበት የዳሪሙ ወይም የአልጌ ሳቺ አርሶ አደር ጉዳዩ በወረዳው ፍርድ ቤት እንደሚታይ የድንበር ክርክር እንደማይቀለው ግልጽ ነው። አጭበርባሪው ከብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት የሚወስደውም በዚሁ ስሌት ነው፤ ለእያንዳንዱ መዝገብ የሚወጣው የምርመራ ወጪ ከጠፋው ገንዘብ ይበልጣል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ለወንጀለኛው ሽፋን የሚሰጠው የተበዳዩ ዝምታ ሳይሆን አይቀርም። ጎሬ የንግድ ማዕከል በነበረችበት ዘመን፣ በ1894 ዓ.ም. ውል ምክንያት በተቋቋመው የጋምቤላ የወንዝ ወደብ በኩል ቡና በባሮ ወደ ሱዳን ሲሻገር፣ ንግዱ የሚካሄደው በሚታወቅ ሰው ቃል ነበር። ዛሬም በትናንሽ ከተሞች የነጋዴ ሀብቱ ስሙ ነው። "በስልክ ተታለለ" መባል ዱቤ የሚያስከለክል መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ አያመለክትም፤ ጎረቤቱም በዚያው ስልት ይበላል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጨመረው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የማይክሮሶፍት ተመራማሪ ኮርማክ ሄርሊ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ የድሮዎቹ የማጭበርበሪያ ደብዳቤዎች ለምን ያን ያህል የማይታመኑ እንደሆኑ አስረድተዋል። አጭበርባሪው እጅግ የሚሳሳለት ሀብት ጊዜው ነበር። ለጠርጣራ ሰው ረጅም ደብዳቤ ሲጽፍ ውሎ ባዶ እጁን ከሚቀር፣ በመጀመሪያው መልእክት ጠርጣራውን ሁሉ አባርሮ የዋሁን ብቻ ማስቀረት ያዋጣው ነበር። አሁን ከሺዎች ጋር በአንድ ጊዜ፣ ሳይሰለች የሚጻጻፍ ማሽን ስላለ ማንንም ማባረር አላስፈለገውም።

ቋንቋም እንደ አጥር ያገለግል ነበር። ከሩቅ አገር የሚላክ ማታለያ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ሲጻፍ ስህተቱ ከሩቅ ያስታውቅ ነበር። የጉግል የትርጉም አገልግሎት አማርኛን በ2008 ዓ.ም.፣ አፋን ኦሮሞን ደግሞ በግንቦት 2014 ዓ.ም. አካትቷል። ከዚያ ወዲህ የመጡት የጽሑፍ ሞዴሎች በሁለቱም ቋንቋዎች ይጽፋሉ፤ ጥራታቸው ገና ቢሆንም ለአጭር የስልክ መልእክት ይበቃል።

ድምፅም ከእንግዲህ የተሟላ ማስረጃ አይሆንም። ማይክሮሶፍት በ2015 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ቫል-ኢ የተሰኘ ሞዴል የአንድን ሰው ድምፅ ለመቅዳት የ3 ሰከንድ ናሙና እንደሚበቃው ታውቋል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአሩፕ ኩባንያ የሆንግ ኮንግ ሠራተኛ የሥራ ባልደረቦቹን በቪዲዮ ስብሰባ ያየ መስሎት 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለአጭበርባሪዎች ልኳል፤ በስብሰባው የታዩት ሰዎች በዲፕፌክ የተቀነባበሩ ነበሩ። ልጁን ወደ መቱ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ በደሌ ካምፓሱ የላከና በሩቅ ክልል የሚኖር ወላጅ "ታምሜ ሆስፒታል ነኝ፤ ገንዘብ ላኩልኝ" የሚል የልጁን ድምፅ ቢሰማ ምን ያደርጋል? ስልኩን ዘግቶ በሚያውቀው የልጁ ቁጥር መልሶ ከመደወል የተሻለ ማጣሪያ እስካሁን አልተገኘም።

ወንጀሉን ከአንድ አገር ሆኖ ማጥፋት የማይቻልበትም ምክንያት አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በምያንማር ቢያንስ 120 ሺህ፣ በካምቦዲያ ደግሞ 100 ሺህ ያህል ሰዎች በማጭበርበሪያ ማዕከላት በግዳጅ ተይዘው እንደሚሠሩ ገምቷል። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምያንማር ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት ከ20 አገሮች የተውጣጡ 260 ገደማ ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከማንኛውም አገር ዜጎች የሚበልጥ ቁጥር ነው። አብዛኞቹ ወደዚያ የሚሄዱት ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ አለ በሚል የኢንተርኔት ማስታወቂያ ተታለው ነው። ራሱ በማጭበርበር የተወሰደ ወጣት ሌላውን ለማጭበርበር ይገደዳል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ወንጀለኛ ወይስ ተበዳይ ብሎ መመዝገብ ለፖሊስም፣ ለዐቃቤ ሕግም ቀላል አይደለም። እንግሊዝኛና ኮምፒዩተር የሚችሉ ሥራ ፈላጊ ምሩቃን ባሉበት ከተማ ሁሉ፣ መቱን ጨምሮ፣ ማስታወቂያው አንባቢ ያገኛል።

በአገር ውስጥ አንዳንድ ቀዳዳዎችን የሚያጠቡ እርምጃዎች ተወስደዋል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በ2015 ዓ.ም.፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ጸድቀዋል። ፋይዳ ከሲም ካርድና ከባንክ ሂሳብ ጋር ሲተሳሰር በሌላ ሰው ስም መንቀሳቀስን ያከብዳል። የራሱን ሂሳብ ለጥቂት ብር የሚያከራይን ሰው ግን መታወቂያ ሊያስቆመው አይችልም።

ገንዘቡ የተወሰደበት ሰው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወሳኝ መሆናቸውን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951 ወዲያውኑ መደወል፣ የሳይበር ጥቃትን ደግሞ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በ933 ማሳወቅ ይቻላል። የደረሱትን መልእክቶች ሳያጠፉ ይዞ ለፖሊስ ማመልከትም ያስፈልጋል፤ አገልግሎት ሰጪዎች የመልእክት ልውውጥ መረጃን ይዘው እንዲያቆዩ አዋጁ የሚያስገድዳቸው ቢያንስ ለ1 ዓመት ብቻ ነው።