ለፌር ዳኛ የሚቀርብ ኬክ

በአሜሪካ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በየካውንቲውና በየግዛቱ ፌር የሚባለው የእርሻና የእጅ ሥራ ትርኢት ይከፈታል። ወይፈኑ፣ በቆሎው፣ ማሩ፣ ጥልፉ በየምድቡ ተሰልፎ ይዳኛል፤ ያጌጡ ኬኮችም በመስታወት ሣጥን ተደርድረው ይታያሉ። ጎብኚው ደስ ያለውን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ዳኛው ግን ከኬኩ ፊት ጎንበስ ብሎ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ ክሬሙ የተጀመረበትና ያለቀበት ቦታ ያስታውቃል ወይ? ጠርዙ ቀጥ ብሏል ወይ? የተጻፈው ደንብ ተከብሯል ወይ? ኬክ ማስጌጥ ለሚወድ ሰው፣ ሸጦ የሚተዳደርበትም ይሁን ለልጆቹ ልደት ብቻ የሚሠራ፣ የዚህ ውድድር ትልቁ ጥቅም እዚሁ ጥብቅነት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ዘመድ ወዳጅ ኬክ ሲቀርብለት «እጅሽ ይባረክ» ይላል። ምርቃቱ ከልብ ነው፤ የትኛው መስመር እንደተንቀጠቀጠ ግን አይነግርም።

ፌሩ ከመነሻው የተቋቋመው ለማስተማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1807 ኤልካና ዋትሰን የተባለ ሰው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በፒትስፊልድ አደባባይ ሁለት የሜሪኖ በጎች አቁሞ ለገበሬዎች አሳየ። ሰዉ ተሰብስቦ ሲያይ ሐሳቡ ሰፋ፤ በ1811 የበርክሻየር የእርሻ ማኅበር ተመሠረተ፤ ብዙም ሳይቆይ ሴቶች በቤታቸው የሠሩት የእጅ ሥራም ለሽልማት ይቀርብ ጀመር። ጎረቤት የጎረቤቱን ሥራ ከራሱ ጋር ጎን ለጎን አስተያይቶ እንዲሻሻል ነበር ዓላማው። የአዮዋ ግዛት ፌር በ1854 ፌርፊልድ ላይ ሲጀመርም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። የኬክ ማስጌጥ ሙያ በሰፊው ሕዝብ እጅ የገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1929 ዱዊ ማኪንሊ ዊልተን ቺካጎ ላይ ማስተማር ጀመረ፤ በ1934 ደግሞ ጆሴፍ ላምቤት ክሬምን በክሬም ላይ እየደራረቡ የማስጌጥ ዘዴውን በመጽሐፍ አወጣ። ሙያው በኮርስና በመጽሐፍ ሲዳረስ፣ ፌሩ መለኪያውን ይዞ ጠበቀው።

ተወዳዳሪ ሥራውን የሚጀምረው ከዱቄቱ በፊት በመመሪያው ነው። ምዝገባው ብዙውን ጊዜ ፌሩ ከመከፈቱ ሳምንታት ቀድሞ ይዘጋል። ምድቦቹ እንደየቦታው ይለያያሉ፤ ልጆች፣ ጀማሪዎች፣ ልምድ ያላቸውና በሙያው የሚተዳደሩ ለየብቻ የሚዳኙበት ብዙ ነው። መመሪያው የኬኩን ማስቀመጫ ሰሌዳ ስፋት ይወስናል፤ ፕላስቲክ ጌጥና የጨርቅ ሪባን ይፈቀድ አይፈቀድ እንደሆነ ይናገራል፤ የስኳር አበባ የታሰረበት ሽቦ በቀጥታ ኬኩ ውስጥ እንዳይሰካ የሚከለክልም አለ። ይህን ሳያነብ የገባ ሰው የቱንም ያህል ቢራቀቅ ይወድቃል። በእንግሊዝ ትርኢቶች ዳኛው እንዲህ ያለ ሥራ ሲገጥመው «በመመሪያው መሠረት አልቀረበም» የሚል ካርድ አስቀምጦ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጭካኔ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ሙሽሪት ባለ ሦስት ፎቅ ብላ ላዘዘችው ሰርግ ባለ ሁለት ፎቅ ይዞ የሚሄድ ባለሙያ የለም፤ የታዘዙትን በትክክል መሥራት የሙያው ግማሽ ነው።

ዳኛው የሚያየውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በኬኩ እግር ዙሪያ እንደ ዶቃ የሚደረደረውን የክሬም ጌጥ እንውሰድ። ከረጢቱ ተጨምቆ ዶቃው ሲሞላ፣ መጀመሪያ መጭመቁን ማቆም፣ ከዚያ ብቻ እጅን ማንሳት ያስፈልጋል። እየጨመቁ ካነሱ እያንዳንዱ ዶቃ ሹል ጭራ ያወጣል፤ ዳኛውም ያንን ከሁሉ በፊት ያያል። በእንቁላል ነጭና በደቃቅ ስኳር የሚሠራው ሮያል አይሲንግ ደግሞ ሳህኑ ላይ ትንሽ ቅባት ከቀረ አረፋው ስለሚሞት መስመሩ አይቆምም። በፎንዳንት፣ ማለትም በተዳመጠ የስኳር ሊጥ፣ በተሸፈነ ኬክ ላይ የታፈነ አየር፣ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ ልባጥ፣ ከሥር የተጨማደደ ጠርዝ ነጥብ ያስቀንሳል። ሰሌዳው ራሱ ሳይሸፈን ከቀረ ሥራው እንዳላለቀ ይቆጠራል። የፌሩ ወቅትም አይራራም፤ የነሐሴ ሙቀት ቅቤውን ያለሰልሰዋል፣ እርጥበቱ የስኳር አበባውን ቅጠል ያጎብጠዋል፣ ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ብርሃን ሲመታቸው ቶሎ ይደበዝዛሉ። ልምድ ያለው ተወዳዳሪ ስለዚህ ቀለሙን ጠንከር አድርጎ ይጀምራል፤ ኬኩንም የሚያጓጉዘው በዘመመው የመኪና ወንበር ላይ ሳይሆን ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ የማያንሸራትት ምንጣፍ አንጥፎ ነው።

ብዙ ሰው የሚያነሳው ትልቁ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። በብዙ ፌሮች በማስጌጥ ምድብ የሚቀርበው ኬክ ውስጡ ፎም ነው፤ የማይበላ፣ የማይቆረስ። ኬክ ለመቆረስ አይደለም ወይ የሚሠራው? ታዲያ ይህ ማታለል አይሆንም? ቅሬታው ይገባኛል፤ በእኛም ሰርግና ልደት ኬኩ የሚከበረው ሲቆረስ ነው። ግን ትርኢቱ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። እውነተኛ ኬክ በዚያ ሙቀት ይሻግታል፣ ይሰምጣል፣ ጌጡንም ይዞት ይወርዳል። ጣዕም የሚዳኝበት የመጋገር ምድብ ለብቻው አለ፤ እዚያ ኬኩ ይቆረሳል፣ ይቀመሳል። በማስጌጥ ምድብ ግን የሚለካው እጅ ነው፤ ፎም የሚፈቅዱት መመሪያዎችም አብዛኛውን ጊዜ በእውነተኛ ኬክ ላይ ሊሠራ የማይችል ቅርጽ አይቀበሉም። ሁለቱን ለይቶ መዳኘት ለጀማሪ ትልቅ ውለታ ነው፤ ጣፋጭ ጋግሮ ማስጌጥ ያቃተውም፣ አስጊጦ መጋገር ያቃተውም ጉድለቱ የቱ ጋ እንደሆነ በግልጽ ያውቃል።

ውበት የምርጫ ጉዳይ ነው፣ ዳኛ ሲቀየር ውጤቱ ይቀየራል የሚሉም አሉ። ከፊሉ እውነት ነው፤ በንድፍና በቀለም ቅንብር ላይ ዳኞች ይለያያሉ። ጭራ ያወጣ ዶቃ ግን ለማንም ዳኛ ጭራ ያወጣ ዶቃ ነው። ብዙ ቦታ የተወዳዳሪው ስም ከዳኛው ይሰወራል። በተለይ በወጣቶች ምድብ የሚሠራበት የዴንማርክ የሚባለው የዳኝነት ዘዴ ደግሞ ሥራዎቹን እርስ በርስ ከማወዳደር ይልቅ እያንዳንዱን ከመለኪያው ጋር ያስተያያል፤ ስለዚህ የላቀ ሥራ ምልክት የሆነው ሰማያዊ ሪባን የሚገባቸው ሁሉ ሰማያዊ ያገኛሉ፣ የሚገባው ከሌለ ማንም አያገኝም።

ሽልማቱ ግን በአብዛኛው ጥቂት ዶላርና ሪባን ነው። ለዚያ ብሎ ቀናት ማባከን፣ በተለይ ትእዛዝ ለሚጠብቀው ሰው፣ ያዋጣል ወይ? በገንዘብ ከታሰበ አያዋጣም። ቢሆንም ሌላ ትርፍ አለው። ብዙ ሐበሾች በሚኖሩበት በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በጌይተርስበርግ በየነሐሴው የእርሻ ፌር አለ፤ እንዲህ ያለ ፌር በአቅራቢያቸው ያላቸውና ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለምረቃ ኬክ የሚሠሩ እህቶችና ወንድሞች ሥራቸው በአብዛኛው የሚታየው በወዳጅ ዓይን ብቻ ነው። ፌሩ የማያውቃቸውን ዳኛ፣ አንዳንድ ቦታም የጽሑፍ አስተያየት ይሰጣቸዋል። ለመግባት የሚያስቡ የዘንድሮውን መመሪያ ከፌሩ ቢሮ ይጠይቁ፤ በክፍያ የሚሠሩ ከሆነ በጀማሪ ምድብ መመዝገብ ይፈቀድላቸው እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ፤ ምድብ ተሳስቶ የገባ ሥራ ሊሰረዝ ይችላልና።