በመንግሥት ደን ውስጥ ስለሚያልፍ መንገድ፥ ስለ እንጨት ቆረጣና ስለ ጉዳት ኃላፊነት

ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን የሚገኘው የጮቄ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 4,100 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ጨሞጋ፥ ሙጋና ሱሃም ከዚሁ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። የደጋው ሰው ወደ ገበያ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ወፍጮ የሚሄድበት የእግርና የበቅሎ መንገድ ብዙ ጊዜ ደን ያቋርጣል። ብስክሌት ነጂም በዚያው መንገድ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በደኑ እንጨት በሚቆረጥበት ጊዜ መንገደኛ ቢጎዳ ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ፥ ስለ መንግሥት ደን የሚጠየቀው ባለርስት ሳይሆን በስፍራው የተሾመው ባለሥልጣን ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፥ የማኅበረሰብ፥ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ይለያል፤ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥም ክልክል ነው። ነገር ግን ፈቃድ መስጠት ከኃላፊነት አያወጣም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል። በቁጥር 2069 ደግሞ የመሬትን የተፈጥሮ አቀማመጥ በመለወጥ በሰው ላይ ከተለመደው ውጭ የሆነ አደጋ ያመጣ ሰው፥ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ ይህም አድራጊው መንግሥት ወይም የመንግሥት ፈቃድ ያለው ቢሆን እንኳ ነው። በቁጥር 2126 መሠረት ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ሲሆን ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት ሊጠይቅ ይችላል፤ መንግሥትም የከፈለውን ካጠፋው ሹም ላይ ማስመለስ ይችላል። መንገደኛው በራሱ ጥፋት ለጉዳቱ ምክንያት ከሆነ ካሣው ይቀነሳል።

አንዳንድ ሹም ይህን ፈርቶ መንገዱን መዝጋት ይሻለኛል ይል ይሆናል። ሆኖም ገበያ የሚሄድ ሰው በአጥር አይመለስም፤ የወደቀውን ግንድ ዞሮ ሌላ መንገድ ይረግጣል፤ አንዱም መንገድ ሦስት ይሆናል። ግንድ ቁልቁል በቀጥታ ሲጎተት አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ቦይም ያወጣል። የብስክሌት ጎማም በእርጥብ መሬት ላይ እንዲሁ ያደርጋል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያንን ቦይ ይይዛል፤ ከክረምት ወደ ክረምት እየጠለቀ ቦረቦር ይሆናል፤ በታች ያለውንም ማሳ ይበላል። ስለዚህ መንገዱን ከመዝጋት ይልቅ በሥርዓት መያዝ ይሻላል።

ፈቃድ ሰጪው በጽሑፍ የሚከተለውን ቢያዝ ብዙ ጉዳት ይቀራል። ቆረጣው በበጋ፥ መሬቱ በደረቀ ጊዜ ይሁን። በገበያና በበዓል ቀን በመንገድ አጠገብ ዛፍ አይጣል። ዛፍ በሚጣልበት ጊዜ ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ በሚሆን ርቀት ውስጥ ማንም አይለፍ፤ በመንገዱም ሁለት ጫፍ ጠባቂ ይቁም፤ ማስታወቂያም በአማርኛ ይለጠፍ። በሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ግንድ ሳይወርድ አይታደር። ግንዱ ቁልቁል በቀጥታ ሳይሆን በአግድም ይጎተት፤ ቆራጩም ሥራውን ሲጨርስ በመንገዱ ላይ ውሃ የሚያወጣ ተሻጋሪ ቦይ ይቅደድ፤ የተበላሸውንም ይጠግን።

ብስክሌትን በተመለከተ፥ ድምፁ ሳይሰማ ፈጥኖ ስለሚደርስ፥ ነጂው የተጫነ እንስሳ ወይም ሸክም የያዘ ሰው ሲያጋጥመው ወርዶ እንዲያሳልፍ፥ መሬቱ ጭቃ በሆነ ጊዜም በደን መንገድ እንዳይነዳ መደንገግ ይበቃል።

የወረዳ ሹማምንትም ከቆረጣው በፊትና በኋላ መንገዱን በእግር ሄደው ቢያዩና ያዩትን በመዝገብ ቢያሰፍሩ፥ ክርክር በተነሣ ጊዜ ለተጎጂው እውነት፥ ለሹሙም መከላከያ ይሆናል።