የጆርጂያ 38ኛው የሴኔት ወረዳ፦ ወንበሩ ከመስመሩ ጋር

አትላንታ የሚኖር ሰው ሴናተሩን ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ዋሽንግተን ያሉትን ሁለቱን ይጠራል። የግዛቱ የትምህርት በጀትና የመንጃ ፈቃድ ሕግ የሚወጣው ግን እዚያው አትላንታ ነው፤ የግዛቱ ሴኔት የራሱ 56 ወንበሮች አሉት።

ከ1962 በፊት (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) አትላንታን የያዘው ፉልተን ካውንቲ ከ556 ሺህ በላይ ሕዝብ እያለው ከ54ቱ ሴናተሮች አንድ ብቻ ነበረው። በገጠሩ ሦስት ሦስት ካውንቲዎች ተጣምረው ወንበሩን በየተራ ይይዙት ነበር፤ ሴናተሩ ሥራውን ሳይለምድ ተራው የጎረቤቱ ይሆን ነበር።

በመጋቢት 1962 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከቴነሲ በመጣ ክስ፣ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን አድልዎ መመርመር እንደሚችሉ ፈረደ። ጆርጂያም በፌዴራል ፍርድ ቤት ተገድዳ ወረዳዎቹን በሕዝብ ቁጥር አሰመረች፤ ፉልተን ሰባት ወንበር አገኘ። ሕግ አውጪዎቹ ግን ሰባቱም በመላው ካውንቲ ድምፅ እንዲመረጡ ደንግገው ነበር። ነጮች በሚበዙበት ካውንቲ ይህ የጥቁሮቹን ሰፈር ድምፅ መዋጥ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ምርጫው ሊደርስ ሲል አንድ ዳኛ ድንጋጌውን ሻሩት።

ከሰባቱ አንዱ በሆነው 38ኛው ወረዳ ጠበቃው ሊሮይ ጆንሰን አሸነፉ። ከ1907 ወዲህ ጆርጂያ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያው ጥቁር እሳቸው ናቸው። አንድ ወንበር ምን ያህል እንደሚያስኬድ በ1970 ታየ፦ ወደ ቬትናም አልዘምትም በማለቱ ከሦስት ዓመት በላይ ከቡጢ የታገደው መሐመድ አሊ ወደ መድረክ የተመለሰው አትላንታ ላይ ነው፤ ግዛቱ የቡጢ ኮሚሽን እንደሌለው አይተው መንገዱን ያመቻቹት ጆንሰን ነበሩ። በ1975 መምህሩ ሆራስ ቴት ተኳቸው፤ ቀጥሎ ራልፍ ዴቪድ አበርናቲ ሣልሳዊ፤ ከ1999 ጀምሮ ለሩብ ምዕተ ዓመት የቴት ልጅ ሆራሴና ቴት።

የወረዳ መስመሩ ጥያቄ ግን አልተዘጋም። በ2021 የወጣው ካርታ የጥቁሮችን ድምፅ ያዳክማል ብሎ የፌዴራል ፍርድ ቤት በጥቅምት 2023 ጥቁሮች የሚበዙባቸው ሁለት ተጨማሪ የሴኔት ወረዳዎች በአትላንታ ደቡባዊ ዙሪያ እንዲሰመሩ አዘዘ።

ዛሬ አንድ ወረዳ ወደ 191 ሺህ ሰው ይይዛል፤ ይህም የሚሰላው በየአሥር ዓመቱ ከሚደረገው ቆጠራ ነው። የ2020ው ቆጠራ ዜግነት አልጠየቀም፤ ትናንት የገባውም ይቆጠራል። አትላንታ አጠገብ በክላርክስተንና በመላው ዲካልብ ካውንቲ ያላችሁ ወገኖች፣ በ2030 የቆጠራው ቅጽ ሲደርሳችሁ አያቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ የቤቱን ሰው ሁሉ ጻፉ።