አንድ ቀለበት አፈር ስንት ይመዝናል?

ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ሕንፃ ወይም መንገድ ሲሠራ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በመጀመሪያ ሰሌክት የሚባለው ሙሌት አፈር ይፈስሳል፤ ውኃ ይርከፈከፍበታል፤ መዳመጫ መኪናም ይመላለስበታል። ከዚያም ባለሙያው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ የወጣውን አፈር ይመዝናል፤ ጉድጓዱንም ክብደቱ አስቀድሞ በታወቀ ደቃቅ አሸዋ ሞልቶ ይዘቱን ያገኛል። ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈል የአፈሩ እፍግታ ይታወቃል። መሐንዲስ የሚደሰተው ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ነው።

ከብስራተ ገብርኤል ርቀው፣ በትግራይ ተዳፋትና በቦረና ሜዳ የሚሠሩ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ቁጥር ይሻሉ፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው። በዓለም አፈር ውስጥ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት 1,500 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን እንደሚገኝ ይገመታል፤ ይህም በአየር ላይ ካለው ይበልጣል። ከዓለም የብስ 40 ከመቶ ያህሉ ደረቅ ምድር በመሆኑ፣ በአንድ እፍኝ አፈር ያለው ካርቦን ጥቂት ቢሆንም ስፋቱ ያካክሰዋል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ይዘቱ 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ የብረት ቀለበት በመዶሻ ቀስ ተብሎ ወደ አፈሩ ይገባል። የወጣው አፈር በ105 ዲግሪ ሙቀት 24 ሰዓት ደርቆ ይመዘናል። 130 ግራም ቢመዝን እፍግታው 1.3 ነው ማለት ነው። ከዚሁ አፈር መቶኛው እጅ ካርቦን ከሆነ፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በሄክታር 39 ቶን ካርቦን ይገኛል። ቀለበቱ ድንጋይ ላይ ካላረፈ ሥራው ቀላል ነው! ጠጠሩ ተነፍቶ ካልተቀነሰ ግን ድንጋዩም በካርቦን ስም ይቆጠራል። መረሬ አፈርማ በክረምት ስለሚያብጥ በበጋም ስለሚሰነጣጠቅ፣ የሐምሌው ልክ ከጥሩ አይገጥምም።

ዋናው ችግር ያለው ከከብት በተከለለው መሬት ላይ ነው። ለምሳሌ፣ ከብት የረገጠው አፈር እፍግታው 1.5፣ ካርቦኑም ከመቶ 1 ቢሆን በሄክታር 45 ቶን ይሆናል። ገበሬው መሬቱን ከልሎ ሣሩ ሲያቆጠቁጥ፣ ሥሩም አፈሩን ሲያላላው፣ ካርቦኑ ወደ 1.1 ቢወጣና እፍግታው ወደ 1.3 ቢወርድ ሒሳቡ 43 ቶን ግድም ይመጣል። እንግዲህ መሬቱን የጠበቀው ሰው ካርቦን አጠፋ ሊባል ነው? አፈሩ ስለ ላላ 30 ሴንቲ ሜትሩ የያዘው አፈር አነሰ እንጂ ካርቦኑስ አልጠፋም። ሁለቱን መሬቶች በእኩል ጥልቀት ሳይሆን በእኩል የአፈር ክብደት ለማወዳደር፣ በተከለለው መሬት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሮ መቆፈር ያስፈልጋል። በዚያ ጥልቀት ያለው ካርቦን ከመቶ 0.9 ብቻ ቢሆን እንኳ ድምሩ ከ48 ቶን ይበልጣል።

ነገሩ የሒሳብ ሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ ያገገመው ደን የሰበሰበው ካርቦን በቶን ተቆጥሮ ለዓለም ባንክ ፈንድ ተሽጧል። የደረቁ ምድር አፈርም እንዲሁ በቶን ለገበያ ሲቀርብ፣ በቀለበቱ ልክ ገንዘብ የሚቀበለው ወይም የሚከለከለው ከብቱን ከግጦሽ ያገደው ባላገር ነው። ስለዚህም በእኛ አስተያየት፣ ማንኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት ባላገሩ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ልኩ በጥልቀት ነው ወይስ በክብደት?