ስለ ሆሊውድ የፍቅር ፊልሞችና ስለ ስንብታቸው

ከሲኒማ አዳራሽ ሲወጣ እንባውን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ባልንጀሮቹ ሲያዩት ማፈሩ የተለመደ ነው። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1930 እስከ 1950 ዓመት ድረስ በአሜሪካ በሆሊውድ የተሠሩትን የፍቅር ፊልሞች የሚወድ ሰው ይህን ሐፍረት ከተወ ቆይቷል፤ ዐሥር ጊዜ ያየውን ፊልም እንደ ገና ሲያይ እንባው የሚመጣበትን ሥፍራ አስቀድሞ ያውቀዋል፥ ቢሆንም አይቀርለትም። የሚመጣውም ወዳጆቹ ሲገናኙ ሳይሆን ሲለያዩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው በ1942 በኒውዮርክ ከተማ መጀመሪያ የታየው፥ ማይክል ከርቲዝ ያዘጋጀው «ካዛብላንካ» ነው። በዚህ ፊልም ሐምፍሪ ቦጋርት ሪክ የተባለውን የመጠጥ ቤት ባለቤት፥ ኢንግሪድ በርግማን ደግሞ ኢልዛ የተባለችውን ሴት ሆነው ይጫወታሉ። ሪክ ስለ ማንም ግድ የለኝም እያለ የሚኖር ሰው ነው። ነገር ግን ተመልካቹ ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ አንድ ቃል ሲሰማ ከወንበሩ ቀና ይላል፤ ይኸውም የፖሊሱ ሹም ሬኖ የሪክን ያለፈ ታሪክ ሲያነሣ፥ ይህ ሰው በ1935 ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ እንዳሻገረ፥ በሚቀጥለውም ዓመት በእስፓኝ አገር ከሪፑብሊኩ ወገን ጋር ሆኖ እንደ ተዋጋ ይናገራል። ሪክ ገንዘብ ተከፍሎኝ ነው ብሎ ነገሩን ሊያቃልለው ይሞክራል፤ ሹሙ ግን ሌላው ወገን አብልጦ ይከፍልህ ነበር ሲል ይመልስለታል። በዚያው በ1935 የአሜሪካ መንግሥት ለሁለቱም ተዋጊዎች መሣሪያ እንዳይሸጥ በዐዋጅ መከልከሉን ለሚያስታውስ ሰው ይህች አጭር ንግግር ቀላል አይደለችም። ደራሲዎቹ የአንድን ሰው የተሰወረ ቅንነት ለማስረዳት በፈለጉ ጊዜ በመጀመሪያ የጠሩት የኢትዮጵያን ስም ነው።

ኢልዛ ባልዋ ቪክቶር ላዝሎ የሞተ መስሏት ሳለ በፓሪስ ሪክን ወድዳ ነበር። በኋላ ግን ናዚዎችን የሚታገለው ባልዋ በሕይወት ተገኘ። በፍጻሜውም ሪክ ለማምለጫ የሚሆነውን የይለፍ ወረቀት በእጁ ይዞ ሳለ ለራሱ ሳያስቀር ሁለቱን ወደ ሊዝቦን ይሰዳቸዋል።

ይህን ስንብት የወለደው ሳንሱር ነው የሚሉ አሉ። በእርግጥ ከ1934 ጀምሮ በጆሴፍ ብሪን የሚመራ መሥሪያ ቤት የፊልሞቹን ጽሑፍ ሳይቀረጹ ይመረምር ስለ ነበር፥ ባል ያላት ሴት ከወዳጅዋ ጋር ቀርታ በደስታ ስትኖር የሚያሳይ ፍጻሜ በቀላሉ አያልፍም ነበር። ሆኖም ደንብ ስንብትን ማዘዝ ይችል ይሆናል እንጂ በዚያ ጭጋግ ውስጥ የቦጋርትን ፊት እንደዚያ ሊያደርገው አይችልም። በዚያው ደንብ የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም። ከኋላቸው የሚታየው አውሮፕላን እንኳ እውነተኛ አልነበረም፥ አሳንሰው የሠሩት ምስል ነበር፤ ጭጋጉም ይህን ጉድለት ይሸፍናል። ወዳጁ ግን ይህን እያወቀ ያለቅሳል።

የብሪን መሥሪያ ቤት ሰበብ ሊሆን የማይችልበትን ስንብት ማየት የሚፈልግ ደግሞ በ1937 ኪንግ ቪዶር ያዘጋጀውን «ስቴላ ዳላስ» ይመልከት። ፍቅሩ የእናትና የልጅ ነው። ባርባራ ስታንዊክ የምትጫወታት ስቴላ ከድኻ ቤት የወጣች፥ አለባበስዋ የሚጮህ፥ ድምፅዋ የበዛ ሴት ናት፤ ስታንዊክ ራስዋም በሕፃንነትዋ እናትዋን ያጣች ነበረች። አንድ ሌሊት በባቡር ተኝታ ሳለ የልጅዋ ባልንጀሮች በእርስዋ ሲሳለቁ ትሰማለች፤ ልጅትም ሰምታለች። እናትና ልጅ እያንዳንዳቸው ሌላይቱ እንዳልሰማች ለማስመሰል ዝም ይላሉ። ይህች ዝምታ ከብዙ ንግግር ትበልጣለች። ከዚያ በኋላ ስቴላ ልጅዋ ወደ ባለጠጋው አባትዋ እንድትሄድ ብላ የማትወዳት መስላ ታባርራታለች።

በሠርጉ ዕለት ዝናብ ይዘንባል። የአባትየው አዲስ ሚስት ነገሩ ገብቷት የመስኮቱ መጋረጃ እንዳይዘጋ ታዝዛለች፤ ስቴላም ከመንገዱ ላይ፥ የብረቱን አጥር ይዛ፥ ከማያውቋት ሰዎች ጋር ቆማ ታያለች። ፖሊሱ መንገድ ልቀቁ ይላል። እርስዋ ግን ሙሽራው ሲስማት የልጅዋን ፊት እስክታይ ድረስ ጥቂት እንዲታገሣት ትለምነዋለች። ካየች በኋላ ፊትዋን መልሳ፥ በዝናቡ ውስጥ፥ ፈገግ እያለች ትሄዳለች።