ስለ አንገት ደም ሥር መጥበብና ስለ ዘለቄታ ክትትሉ

በአንገታችን ግራና ቀኝ ደምን ወደ አንጎል የሚያደርሱ ሁለት ታላላቅ የደም ሥሮች አሉ። ዕድሜ ሲገፋ፥ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታና ትምባሆም ሲታከሉበት፥ በውስጣቸው ስብ እየተጋገረ መተላለፊያውን ያጠበዋል። ከዚያ ተፈርፍሮ የሄደ ቅንጣት ወይም የረጋ ደም የአንጎልን ሥር ሲደፍን ስትሮክ የተባለው በሽታ ይደርሳል።

አንዳንድ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይታያል። መምህሩ ጠመኔ እንደ ያዘ እጁ ይዝላል፤ ወይም አንደበቱ ይተሳሰራል፤ ወይም አንድ ዓይኑ መጋረጃ እንደ ወረደበት ይጨልማል፤ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ ይለቀዋል። ብዙ ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ዝም ይላል። እኛ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ እንላለን።

ሐኪሙ የጥበቱን መጠን በአልትራሳውንድ ይለካል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ምልክት የታየባቸውንና ጥበታቸው ከመቶ 70 እስከ 99 የሆነ ሕሙማንን መርምሮ ነበር። በ2 ዓመት ውስጥ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ከመቶ 26ቱን፥ ቀዶ ጥገና ከተጨመረላቸው ግን ከመቶ 9ኙን ብቻ በዚያው ወገን ስትሮክ አገኛቸው። ቀዶ ጥገናው ይበልጥ የሚበጀው ምልክቱ ከታየ በ2 ሳምንት ውስጥ ሲደረግ ነው።

ይሁን እንጂ የተጠረገ ቦይ ዳግመኛ ደለል እንደሚይዝ፥ የተጠረገም ሥር ተመልሶ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው በቀጠሮው እየተመላለሰ ይመርመር፤ የታዘዘለትን አስፕሪንና የደም ስብ መቀነሻ ክኒን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ ግፊቱን ያስለካ፤ ትምባሆንም ፈጽሞ ይተው። ሕመም አለመሰማት ፈውስ አይደለምና።