የሟች ሽጉጥ፣ የወራሽ ወረቀት

ውሉ በደብተር ሉክ ላይ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ሻጭና ገዢ ሳንገደድ ወደንና ፈቅደን ተስማምተናል ይላል። የሽጉጡ ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ ዋጋው 400 ዶላር፣ ቀኑ፣ ከግርጌም የሦስት ምስክሮች ስምና ፊርማ ሰፍሯል። አገር ቤት ቢሆን ከብት ይሸጥበት ነበር። በሜሪላንድ ግን ይህ ወረቀት ሽያጩን ሕጋዊ አያደርገውም።

የውሉ ባለቤት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ ናቸው። ባለቤታቸው ነዳጅ ማደያ ሌሊት ሌሊት ይሠሩ በነበረበት ዘመን ከሱቅ የገዙት ሽጉጥ ከቀብራቸው በኋላ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖረው የሟች የአጎት ልጅ «ቤት ውስጥ አይቀመጥ፣ እኔ ልግዛዎት» አላቸው። ወይዘሮዋ በአንድ የእድር ስብሰባ ላይ አጠገባቸው ለተቀመጠው ጋዜጠኛ ወረቀቱን አውጥተው አሳዩት። «ማኅተም የሚመታልኝ የት ነው?» ሲሉም ጠየቁት። ገንዘቡን ገና አልተቀበሉም፤ ሽጉጡም ከሣጥኑ አልወጣም ነበር። ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ያንን ጥያቄ ይዞ ነው።

ማኅተም የሚመታበት ቦታ የለም። በሜሪላንድ ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የሽጉጥ ሽያጭ ፈቃድ ባለው ነጋዴ ወይም በተመደበ የፖሊስ አካል በኩል ማለፍ አለበት። ገዢው ቅጽ 77አርን ይሞላል፣ የግዛቱ ፖሊስ ታሪኩን ያጣራል፣ ሽጉጡም ማመልከቻው ከገባ 7 ቀን ሳይሞላው እጁ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ደግሞ ገዢው የሽጉጥ መግዣ የብቃት ፈቃድ እንዲኖረው ተደንግጓል። ፈቃዱን ለማግኘት አሻራ መስጠትና የአራት ሰዓት ሥልጠና መውሰድ ያስፈልጋል። ወራሽም ቢሆን ሽጉጡ ወደ እሱ ሲዞር ያንኑ ቅጽ ለፖሊስ ማስገባት አለበት። ረጃጅም ጠመንጃዎች ከዚህ ውጭ ሆነው ቆይተው ነበር። አገረ ገዢው ላሪ ሆጋን ውድቅ ያደረጉትን ሕግ ምክር ቤቱ በ2021 መልሶ ካጸደቀው በኋላ ግን እነሱም በነጋዴ በኩል እንዲያልፉ ተደረገ።

ገዢው እንደ አጎት ልጁ በሌላ ግዛት የሚኖር ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በፌዴራል ሕግ ነጋዴ ያልሆነ ሰው በሌላ ግዛት ለሚኖር ሰው መሣሪያ በቀጥታ መሸጥ አይችልም። ሽጉጥ ከሆነ የሚተላለፈው በገዢው ግዛት ባለ ነጋዴ በኩል ነው። ይህን እያወቀ የጣሰ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ሲችል፣ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መግዛትም መያዝም ተከልክሏል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አውቆ የሸጠም ይጠየቃል።

ከከተማው ወጣ ባለ የመሣሪያ መደብር ውስጥ ለዓመታት የሠራ አንድ ኢትዮጵያዊ ውሉን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። «ሦስት ሰው በራሱ ላይ ፈርሟል» አለ። «ሰዉ እንደ ሶፋ ያስበዋል፤ ከፍለህ ተሸክመህ የምትሄድ። እኔ ጋ ሲመጡ ግማሾቹ በፌስታል ጠቅልለውት ነው፣ ጥይቱም ውስጡ እንዳለ። እባካችሁ መጀመሪያ ደውሉ እላለሁ። ጥይቱን አውጡ፣ መያዣው ውስጥ ቆልፉት፣ ከዚያ ኑ።» ቆየት ብሎም «የሚያሳዝነው ክፉ ሰዎች አለመሆናቸው ነው» አለ። «ክፉው እኔ ጋ አይመጣም። የሚመጣው ሕግ ማክበር ፈልጎ መንገዱ የጠፋው ነው።»

መንገዱ ለምን እንዲህ ተወሳሰበ? በመጋቢት 1963 አንድ ሰው ኤ. ሂደል በሚል የሐሰት ስም ከመጽሔት የቆረጠውን ኩፖን ቺካጎ ለሚገኘው ክላይንስ መደብር ላከ። 21 ዶላር ከ45 ሳንቲም ከፍሎም ጠመንጃ በፖስታ ደረሰው። ሰውየው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዚያ ጠመንጃ ተገደሉ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ ከተገደሉ በኋላ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ወጣ። ሕጉ ለግለሰብ በፖስታ መላክን ከለከለ፣ ነጋዴውንም እያንዳንዱን ገዢ እንዲመዘግብ አስገደደ። ዛሬ ቅጽ 4473 የሚባለው ያ መዝገብ ነው። የ1993ቱ የብሬዲ ሕግ ማጣሪያ ሲጨምር ግዴታውን የጣለው በነጋዴ ላይ ብቻ ነበር። ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 ሠራተኞች ከተገደሉ በኋላ፣ በሚያዝያ 2013፣ ማጣሪያውን ወደ ብዙ የግል ሽያጮች ለማስፋት የቀረበው ሐሳብ በሴኔቱ 54 ድምፅ አግኝቶ ወደቀ፤ ያስፈልገው የነበረው 60 ነው። ክፍተቱን የሞሉት እንደ ሜሪላንድ ያሉ ግዛቶች ናቸው፣ እያንዳንዱም በራሱ መንገድ።

ፖሊስ በወንጀል ቦታ ያገኘውን መሣሪያ ባለቤት ሲፈልግ ጥያቄው ማርቲንስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ብሔራዊ የክትትል ማዕከል ይሄዳል። በ1986 የወጣ ሕግ ማዕከላዊ የባለቤቶች መዝገብ እንዳይቋቋም ስለከለከለ ሠራተኞቹ በስም መፈለግ አይችሉም። ከፋብሪካው ይጀምራሉ፣ ወደ አከፋፋዩ ያልፋሉ፣ ከዚያም ወደ ባለ ሱቁ። ሱቁ ተዘግቶ ከሆነ የላካቸውን ሰነዶች ምስል ገጽ በገጽ ያገላብጣሉ። ፍለጋው የሚቆመው የመጀመሪያው ገዢ ስም ላይ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያ ስም የሟች ነው፤ ፖሊስ የሚያንኳኳውም የወይዘሮዋን በር ይሆናል። የደብተሩ ሉክ ያኔ የሚያስረዳው ሽጉጡ ያለ ማጣሪያ ግዛት ተሻግሮ መሸጡን ነው።

ለወራሾች በአማርኛ የተዘጋጀ ማብራሪያ ይኖር እንደሆነ የተጠየቁ አንድ ኃላፊ «ሁሉም ነገር ድረ ገጹ ላይ አለ» አሉ። ጥያቄው ሲደገምላቸው ስብሰባ እንዳለባቸው ተናግረው ስልኩን ዘጉ። በአጎራባቿ ዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ለክትባትና ለመንጃ ፈቃድ የሚያገለግል ቋንቋ ሰው ሊታሰርበት ለሚችል ቅጽ የማያገለግልበት ምክንያት አይታይም። በአገር ቤትም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቷል። ቀደም ብሎ የተሰደደ ሰው ግን የሚያስታውሰው ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ በምርቃት የሚያልፍበትን ልማድ ነው።

ወይዘሮዋ ውሉን ቀደዱት። የአጎት ልጁ ሐሳቡን ትቷል። እሳቸውም ሽጉጡን በነጋዴ በኩል ለመሸጥ ወይም ለፖሊስ በፈቃዳቸው ለማስረከብ እያሰቡ ነው።

የእድር ሰብሳቢዎች ስለ ባንክ ሒሳብና ስለ ኢንሹራንስ ለቤተሰብ እንደሚናገሩት ሁሉ ስለዚህም ይናገሩ፤ ከተጠሩም አንድ ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው ነጋዴ መጥቶ ያስረዳል። የወረሳችሁት መሣሪያ ቤታችሁ ካለ ለዘመድም ቢሆን ከማስረከባችሁ በፊት ለነጋዴው ደውሉ። ምስክር ሁኑ ተብላችሁ ከተጠራችሁም አትፈርሙ።